ክሊኒኩን አትልቀቂ፣ ስክሪፕቱንም በነጻ አትስጪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጀሞ ነው። ረዘም ስለሚል ጸሐፊዋን የሚያሳውቁ ነገሮችን አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን። 27 ዓመቴ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከታላቅ እህቴና ከልጆቿ ጋር ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ የምመኘው የፊልም ደራሲ መሆን ነው። ሁለት ሙሉ ስክሪፕት ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ከባሕር ዳር ተነስቶ ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ታሪክ ነው፣ 148 ገጽ ወጥቶታል። እሱን በሰው በኩል ለአንድ ታዋቂ ዳይሬክተር ከሰጠሁት ስምንት ወር አለፈ። መጀመሪያ ‹እያነበብኩት ነው› አለኝ፣ አሁን ስልክ አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ የምጽፍለትን ያየዋል ግን አይመልስም። አዲስ ፊልም ሲተዋወቅ ባየሁ ቁጥር የኔ ታሪክ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከአንድ ፕሮዲውሰር ጋር ተዋወቅን። የተከታታይ ድራማ ሐሳብ አለው። ‹አስር ክፍል ጽፈሽ አምጪ፣ ቻናሉ ከተቀበለው እንነጋገራለን፣ ለጀማሪ ዋናው ስም ነው› ብሎኛል። ማታ ቤት ስገባ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ልጆቹ ቲቪ ከፍተው ይጮሃሉ፣ አንድ ገጽ ሳልጽፍ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ ሥራዬን ልለቅ አስቤያለሁ። የሚቀጥለው ወር ዕቁቤ ይደርሰኛል፣ 90 ሺህ ብር ነው፣ ለስድስት ወር ያኖረኛል። ላፕቶፕ የለኝም፣ የምጽፈው በደብተርና በስልኬ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር ‹ይሄ የፊልም ነገር እስካሁን አልወጣልሽም?› ትለኛለች። ምን ትመክሪኛለሽ? — ተስፈኛዋ»

ተስፈኛዋ እህቴ፣ ሰላም ነሽ?

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ፣ ከዚያ በዝርዝር እናወራለን። ሥራሽን አትልቀቂ። አስሩን ክፍል በነጻ አትጻፊ። ያንን ዳይሬክተር መጠበቅም ዛሬውኑ አቁሚ።

90 ሺህ ብሩ ስድስት ወር ያኖረኛል ብለሽ ያሰላሽው የቤት ኪራይ ስለማትከፍዪ ነው። ጥሩ። ግን አንድ ነገር ሒሳብ ውስጥ አላስገባሽም። እኛ አገር ቤት የምትውል ሴት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ናት። ውሃ ሲመጣ በርሜሉን የምትሞላው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ውስጥ የምታስተናግደው፣ ጋዝ ሲያልቅ ሲሊንደር ይዛ የምትሄደው ያው እሷው ናት። «እየጻፍኩ ነው» ብትያቸው እህትሽ ክፉ ሆና አይደለም፣ ግን ደብተር ይዞ መቀመጥ በማንም ቤት እንደ ሥራ አይቆጠርም፣ ደመወዝ እስካላመጣ ድረስ። ነጻ ጊዜ ላገኝ ብለሽ ከክሊኒኩ ወጥተሽ ሰዓት የሌለው ሥራ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ያውም በነጻ።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። አራተኛው ወር ላይ ብሩ ሲመናመን ያ ፕሮዲውሰር ይደውልልሻል እንበል። አሁን ደመወዝ ስላለሽ «ቀብድ ካልተከፈለኝ አልጀምርም» ማለት ትችያለሽ። ያኔ ግን የትራንስፖርት እንኳ ቢሰጥሽ ትቀበያለሽ። በዚህ ሙያ ውስጥ የጀማሪ ትልቁ አቅም እምቢ ማለት መቻል ነው፣ እሱን ደግሞ በየወሩ የሚከፍልሽ ያ ያማረረሽ ክሊኒክ ነው።

ደግሞስ ሌላ ሥራ ሳይኖረው የጻፈ ማን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፣ በኋላም የመንግሥት ባለሥልጣን። ወደ ፊልሙ ስንመጣ ኃይሌ ገሪማን እይ። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። ልብ በይ፣ ምርጥ ስክሪፕት ነው ያልኩሽ፣ አብዛኛው ንግግሩ በአማርኛ የሆነ ፊልም! ያንን ፊልም ዳር ለማድረስ ከአስር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው፣ ሰው ግን ሽልማቱን ብቻ ነው የሚያወራው።

እና ደግሞ የት እንደምትሠሪ ልብ ያልሽው አልመሰለኝም። ካርድ ክፍል! ሰው እኮ ዕድሜውን ሲጠየቅ የሚያመነታበት፣ ባል ሚስቱን ይዞ መጥቶ «ማን ይከፍላል?» ሲባል ሁለቱም ወደ መሬት የሚያዩበት፣ ልጅ እናቷን አስቀምጣ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ውጤቱን ለሷ እንዳትነግሯት» የምትልበት ቦታ ነው። አብዛኛው የቲቪ ድራማችን ላይ ሰዎች የሚናገሩት እንደ ንግግር አዋቂ ነው። «ውዴ ሆይ፣ ከአንተ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ...» የሚል ሰው ሳር ቤት ታክሲ ወረፋ ላይ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ስልክ ላይ ሲጣላ «እሺ በቃ፣ እሺ፣ እሺ ብዬሃለሁ እኮ» ነው የሚለው፣ ንዴቱ ያለው ሦስተኛው እሺ ላይ ነው። ይሄንን በየቀኑ በነጻ ትሰሚያለሽ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የዕለቱን ሁለት ሦስት አነጋገር ስልክሽ ላይ መዝግቢ። አደራ ግን፣ የታካሚ ታሪክ እንዳለ አትውሰጂ። ስም መቀየር አይበቃም። ሰፈሩንም፣ በሽታውንም፣ የቤተሰቡንም ነገር ቀያይሪው። አነጋገሩን ውሰጂ፣ ምስጢሩን እዚያው ተዪው። ይሄ ሥራሽን ስለሚያሳጣሽ ብቻ አይደለም፣ ሰዎቹ አምነውሽ ነው የነገሩሽ።

ስለ ሰዓቱ። ማታ ሁለት ሰዓት ገብቶ መጻፍ አይሆንም፣ አትሞክሪው። ጀግና መሆን አይጠበቅብሽም። ማታ በጊዜ ተኚና ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሺ። ልጆቹ እስኪነሱ አንድ ሰዓት ተኩል አለሽ። የኮንዶሚኒየም ጸጥታ ያለው እዚያች ሰዓት ላይ ብቻ ነው፣ ከታች ያለው ጎረቤት እንኳ መዝሙሩን አልከፈተም። በየቀኑ ሁለት ገጽ ከወጣልሽ በቂ ነው፣ አንድም ከሆነ ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ካለሽ ደግሞ ከቤት ውጪ፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን ማኪያቶ አዝዘሽ የማያባርሩሽ ካፌ፣ ሄደሽ የሳምንቱን ጽሑፍ አጽጂ። አዲስ ነገር ንጋት ላይ፣ ማረም ቅዳሜ። መብራት ቢጠፋ በደብተር ጻፊ፣ እስካሁንም የጻፍሽው እንደዛ አይደል?

ዋናው ነገር ግን የሚቀጥለው ነው፣ ሰው በግልጽ ስለማይናገረው።

አንቺ የምትጠብቂው ቀን አንድ ሰው 148 ገጽሽን አንብቦ፣ ተገርሞ፣ ደውሎ «የት ነበርሽ እስካሁን!» የሚልሽን ቀን ነው። አይመጣም ብዬ አልምልም፣ ግን በኛ ኢንዱስትሪ ነገሩ የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። አዲስ የአማርኛ ፊልም ሲጀምር የሚወጣውን ጽሑፍ እይ። ምን ይላል? ብዙ ጊዜ «ደራሲና ዳይሬክተር» ብሎ አንድ ስም ነው። አንዳንዴ «ፕሮዲውሰር»ም ይጨመርበታል፣ ያው ሰውዬ። ዳይሬክተሮቻችን አብዛኞቹ የራሳቸውን ነው የሚሠሩት። የራሱ ስክሪፕት መሳቢያው ውስጥ ተቀምጦ ስፖንሰር እየፈለገለት ያለ ሰው ያንቺን 148 ገጽ የሚያነብበት ምክንያት የለውም። ሰውዬው ንቆሽ አይደለም፣ ሰርቆሽም አይደለም። ወረፋ ላይ ከፊትሽ የቆመ ሰው ነው፣ አንቺ ደግሞ ተራህን ልቀቅልኝ ብለሽዋል።

በሌላ በኩል ግን የጸሐፊ ችግር ያለበት ቦታ አለ። የቲቪ ተከታታይ ድራማ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ዩቲዩብ ላይ በየሳምንቱ አጭር ኮሜዲ የሚለቁ ቡድኖች። እነዚህ ሰዎች የሚያስጨንቃቸው ድንቅ ታሪክ ማጣት አይደለም። ክፍል ሰባት ሐሙስ መቀረጽ አለበት፣ ረቡዕ ማታ ግን ገና አልተጻፈም። ተዋናዮች ሜካፕ ተቀብተው ይቀመጣሉ፣ የቤቱ ባለቤት «እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው ያከራየኋችሁ» እያለ በር ላይ ይቆማል፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ቃለ ተውኔቱን እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። አየሽ፣ ቲቪ ላይ አንዳንድ ትዕይንት ለምን ዝም ብሎ እንደሚረዝም አሁን ገባሽ። እንደዚህ ያለ ቡድን የሚፈልገው በቀኑ የምታደርስ፣ «ይሄ ገጸ ባሕርይ ይውጣ፣ ተዋናዩ ውጪ ሊሄድ ነው» ሲባል ሳታለቅስ ቆርጣ የምታስተካክል ሰው ነው። የመግቢያ በር ይሄ ነው። የሚያምር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ በቀኑ ያደረሰች ልጅ ስሟ በሰው አፍ ይዞራል፣ ምክንያቱም ብርቅ ናት።

እንዴት ታገኚያቸዋለሽ? ድራማው ሲያልቅ ቻናል አትቀይሪ። መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች አንብቢ። ዳይሬክተሩን ተዪው፣ እሱን ሁሉም ያሳድደዋል። ረዳት ዳይሬክተሩን፣ ኤዲተሩን፣ ከዋናው ደራሲ ስር የተጻፈውን ስም ፈልጊ። እነሱ አንዱ ድራማ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ የትኛው ቡድን ጸሐፊ እንደጎደለው ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አጭር መልእክት ላኪ፣ አራት መስመር። «የእገሌን ድራማ እከታተላለሁ፣ በክፍል ይህን ያህል ያለው የእናትና የልጅ ትዕይንት ወድጄዋለሁ፣ እኔም እጽፋለሁ፣ የሦስት ገጽ ናሙና ብልክ ታያለህ ወይ?» በቃ። የሕይወት ታሪክሽን አትጻፊ፣ «ዕድል ስጡኝ» አትበይ፣ ጸሎት የሚመስል ነገር አታያይዢ። ከአስር ሰው ስምንቱ አይመልስም፣ እሱን ከወዲሁ ተቀበይው።

ዳቢንግንም አትናቂ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የኛ የጥበብ ሰዎች ምን ያህል እንደተቆጡ ታስታውሺ ይሆናል፣ ቅሬታቸውም ከንቱ አልነበረም። ግን ለዳቢንግ የሚጽፍ ሰው የተዋናዩ አፍ በተከፈተበት ልክ የሚገባ አማርኛ መፈለግ አለበት። ሦስት ሴኮንድ ካለሽ ሦስት ሴኮንድ ነው፣ «ውዴ ሆይ» አይገባም። ቁጥብነትን ለመማር ከዚያ የተሻለ የሚከፈልበት ትምህርት አላውቅም። ካናም ቢሆን በኋላ የራሱን ድራማዎች ወደ መሥራት ገብቷል። የሬዲዮ ድራማም እንደዚሁ፤ በጤና ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ድራማ ያጽፋሉ። ካርድ ክፍል የምትሠራ ጸሐፊ ለዚህ ከማንም ትቀድማለች። ሌላው ጎግል የሚያደርገውን አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ታይዋለሽ።

አሁን ወደ ፕሮዲውሰሩ። «ለጀማሪ ዋናው ስም ነው» ላለው ነገር፣ አቦ፣ ይሄ አነጋገር እስካሁን አለ? ሒሳቡን እንሥራ። የግማሽ ሰዓት ድራማ አንድ ክፍል 25 ገጽ ገደማ ይሆናል እንበል። አስር ክፍል ማለት 250 ገጽ። በቀን ሁለት ገጽ ብትጽፊ አራት ወር ከዚያም በላይ ነው፣ ማረሙን ሳይጨምር። ለምን? «እንነጋገራለን» ለሚል ተስፋ። ቻናል ደግሞ ለመወሰን አስር ክፍል አያስፈልገውም። የታሪኩ ማጠቃለያ፣ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝርና የመጀመሪያው ክፍል ካሉ አንብቦ ይሆናል ወይም አይሆንም ማለት ይችላል። አስሩንም ከወዲሁ የሚጠይቅ ሰው ወይ አሠራሩን አያውቀውም፣ ወይ በደንብ ያውቀዋል።

ሕጉን እዚህ ጋ ማወቅ አለብሽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ሐሳብ በራሱ ጥበቃ የለውም። ጥበቃ ያለው የተጻፈው ሥራ ነው። ስለዚህ «ሐሳቡ የኔ ነው» የሚለው ፕሮዲውሰር በሐሳቡ ብቻ የጽሑፉ ባለቤት አይሆንም። ይሄ ላንቺ ጥሩ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ እዚያው አዋጅ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው አዝዞ ያሠራው ሥራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የገንዘብ ጥቅም የሚገኝበት መብት የሚሆነው ላዘዘው ሰው ነው። ገባሽ? «ጻፊልኝ» ብሎሽ፣ ምንም ወረቀት ሳይኖር ጽፈሽ ከሰጠሽው፣ ነገ ፍርድ ቤት ብትቆሙ «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ሊልሽ ነው። የደራሲነት ስምሽ መብቱ ቢተላለፍም ያንቺው ነው፣ እሱን ሕጉ አይነካብሽም፣ ግን ስም ብቻውን የታክሲ አይሆንም። ወረቀት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ጠበቃ የጻፈው ሃያ ገጽ መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ሁለት ምስክር ግን ይፈርሙበት፣ የኛ ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘውን ውል ያለ ሁለት ምስክር አያጸናውም። ውስጡ የሚገባው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የምትሠሪው ማጠቃለያውንና አንድ ክፍል ብቻ እንደሆነ፣ ለዚያ ስንት እንደሚከፈልሽና ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው ስታስረክቢ እንደሚከፈል (ቻናሉ ሲቀበል አይደለም፣ ስታስረክቢ!)፣ ስንት ጊዜ እንደምታርሚለት፣ ስምሽ የት እንደሚጻፍ፣ ቻናሉ ካልተቀበለው የጻፍሽው ለማን እንደሚሆን። የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳታል። «ካልተሸጠ ጽሑፉ ለጸሐፊዋ ይመለሳል» የምትል አንድ መስመር አስገቢ። ዋጋውን እኔ አልነግርሽም፣ እንደ ቻናሉና እንደ ሥራው ይለያያል፣ ሁለት የሚሠሩ ጸሐፊዎችን ጠይቂና መካከሉን ያዢ። ፕሮዲውሰሩ ከጨከነ «እሺ፣ ማጠቃለያዋን ሦስት ገጽ በነጻ ልሞክርልህ» ማለት ትችያለሽ። ሦስት ገጽ ያጋጥማል፣ ለመተዋወቂያ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ ግን መተዋወቅ አይባልም።

የመሰረቅ ፍርሃትሽ። ዱባይ ሄዳ የተመለሰች ልጅ ታሪክ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ከየሰፈሩ ስንት ልጅ ሄዳ ተመልሳለች። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ፊልም ቢሠራ ሰርቆሻል ማለት አይደለም። ትዕይንቶችሽን በቅደም ተከተል፣ ንግግርሽን እንዳለ ካገኘሽው ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ቀን ማስረጃ ያዢ። ሁለቱንም ስክሪፕት አሳትመሽ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቢ። መብቱ የሚመጣው ከመጻፉ እንጂ ከመዝገቡ አይደለም፣ ግን መዝገቡ ቀን ያለው ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስትልኪ በኢሜል ወይም በቴሌግራም ይሁን፣ «ደርሶኛል» ያሉሽን አታጥፊ። በፍላሽ ገልብጠሽ በሰው እጅ መላክ ይብቃ።

ዳይሬክተሩን ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? ስክሪፕቱን ለማየት ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ለሌሎች ማሳየት እጀምራለሁ። ወደፊት በሌላ ሥራ ብንገናኝ ደስ ይለኛል።» ቂም የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ምናልባት ይሄኔ ሊደውል ይችላል፣ ሰው እንደዛ ነው። ቢደውልም እስኪከፍል ድረስ ለሌሎች ማሳየትሽን አታቁሚ።

ስክሪፕቱን አላነበብኩትም፣ ግን ከነገርሽኝ ብቻ አንድ ነገር ማለት እችላለሁ። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ይሄንን የሚያነብ ፕሮዲውሰር ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ቲኬትና ሆቴል መቁጠር ይጀምራል፣ ታሪኩን አይሰማም። እሱን ለጊዜው አስቀምጪው። ቀጥሎ የምትጽፊው አንድ ቤት ውስጥ፣ በአራት ሰው፣ በቀን ብርሃን የሚያልቅ ይሁን። የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ለምን አይሆንም? ርዝመቱንም በገጽ አትለኪ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ለእንግሊዝኛ ጽሑፍና ለአንድ ዓይነት የታይፕ ፊደል የወጣ ልማድ ነው፣ በእጅ ለተጻፈ አማርኛ አይሠራም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፣ ስልክሽ ላይ ሰዓት ያዢ። ስታነቢ የሚያደናቅፍሽ መስመር ተዋናዩንም ያደናቅፈዋል።

ዕቁቡ። ያገለገለ ደህና ላፕቶፕ ግዢ፣ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚይዝ፣ ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ነቅለሽ ሞክሪው። የቀረውን ባንክ አስቀምጪ። አጭር ፊልም በራሴ ብር ልሥራ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል፣ ለሁሉም ይመጣል። በስልክ፣ በሁለት ጓደኛ፣ በምሳ ወጪ የሚሠራ ከሆነ ሥሪ፣ የጻፍሽው ሲነገር መስማት ብዙ ያስተምራል። ካሜራና መብራት ተከራይተሽ የዓመት ቁጠባሽን በሁለት ቀን የምትጨርሺበት ከሆነ ግን አይሆንም።

እናትሽን አትከራከሪያት። «ሥራዬን አልለቅም» በያት፣ ግማሹ ጭንቀቷ እዚያ ላይ ያልቃል። ስለ ፊልሙ የምታወሪያት የመጀመሪያው ቀብድ እጅሽ ሲገባ ይሁን።

ፕሮዲውሰሩ በውሉ ከተስማማ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ስሙን ሸፍነሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።